ከሁለገብ የአይቲ ሥራ ወደ ዳታቤዝ አስተዳደር፦ የአንዲት ባለሙያ የመንገድ ምርጫ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ለዘጠኝ ዓመታት በሁለገብ የአይቲ ባለሙያነት ከሠራች በኋላ ሙያዋን ወደ ዳታቤዝ ለማዞር የወሰነችን አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ነው። ስሟንም ሆነ የሠራችባቸውን ድርጅቶች አልጠቅስም። ውሳኔዋን ከመነሻው ጀምሮ በቅርብ ተከታትያለሁ፤ ምክር የሰጠሁባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ ከሰጠኋት ምክር አንዱ የተሳሳተ እንደነበር በቦታው እገልጻለሁ።

ባለሙያዋ ትሠራበት የነበረው መካከለኛ ድርጅት በአይቲ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩት። በዚህም ምክንያት የኔትወርክ መስመር የምትዘረጋው፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር አካውንት የምትከፍተው፣ የተበላሸ ፕሪንተር የምታስተካክለው፣ ቨርቹዋል ሰርቨሮቹን የምታዘምነውና ሌሊት የሚወሰደውን ባክአፕ ጠዋት የምትፈትሸው እሷው ነበረች። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የንብረትና የሒሳብ ሥርዓቱ የተቀመጠበት የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ ይገኝ ነበር። ሶፍትዌሩን ያቀረበው ድርጅት ዳታቤዙን ጭኖ ሄዷል፤ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊነቱ የአይቲ ክፍል ነው ብሎ ያምናል፤ የአይቲ ክፍሉ ደግሞ የአቅራቢው ነው ይላል። እንዲህ ባለ ቦታ ዳታቤዙ ማንም ያልሾመው አስተዳዳሪ ያገኛል፤ እሱም ሰርቨሩ ሲቆም መጀመሪያ የሚደወልለት ሰው ነው። እኔ የማውቃቸው ብዙ የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ወደ ሙያው የገቡት በዚሁ በር ስለሆነ፣ የእሷ ሁኔታ የተለየ አልነበረም። የተለየው በሩ ከተከፈተ በኋላ ያደረገችው ነው።

የሞላው ዲስክ

አንድ ቀን ጠዋት የሒሳብ ሠራተኞች ደረሰኝ መመዝገብ አቃታቸው። ሰርቨሩ ላይ የተገኘው የስህተት መልእክት ቁጥሩ 9002 ሲሆን፣ የትራንዛክሽን ሎጉ (ዳታቤዙ ለውጦችን የሚመዘግብበት ፋይል) መሙላቱን ይናገር ነበር። ባለሙያዋ ዲስኩን ስትመለከት ዋናው የዳታ ፋይል 14 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ የሎግ ፋይሉ ወደ 180 ጊጋባይት አብጦ አገኘችው። አቅራቢው ዘንድ ስትደውል ስልኩን ያነሳው ቴክኒሻን ሰርቪሱን አቁማ የሎግ ፋይሉን እንድታጠፋው ነገራት። እሷ ግን አላጠፋችውም። «ምን እንደያዘ ያላወቅሁትን ፋይል እንዴት አጠፋለሁ?» ነበር በኋላ ያለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመነጨው ከዚህ ጥንቃቄ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ገና ወደ ዳታ ፋይሉ ያልተላለፈ ለውጥ ያለበትን ሎግ ማጥፋት ዳታቤዙ ጨርሶ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።

የችግሩ አሠራር እንዲህ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ዳታ ፋይሉ ከማስገባቱ በፊት በሎጉ ላይ ይመዘግባል። ዳታቤዙ «ፉል» በሚባለው የሪከቨሪ ሞዴል (ሎጉ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስን ቅንብር) ላይ ሲሆን፣ የሎጉ ባክአፕ እስካልተወሰደ ድረስ በሎጉ ውስጥ የተያዘው ቦታ አይለቀቅም። ሌሊት የሚወሰደው ሙሉ ባክአፕ ይህን ቦታ አያስለቅቅም፤ ብዙ ሁለገብ ባለሙያዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባክአፑ በየሌሊቱ ያለ ስህተት መጠናቀቁን ስለሚያዩ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላቸዋል፤ ሎጉ ግን ከሥር ያለ ከልካይ ያድጋል። እሷም ለዓመታት የባክአፑን አረንጓዴ ምልክት እያየች ተረጋግታ ኖራለች። ዳታቤዙ ሎጉን የማይለቅበትን ምክንያት ራሱን ሰርቨሩን መጠየቅ እንደሚቻል አንብባ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚጻፈውን ጥያቄ) ስታስኬድ፣ የመጣላት መልስ ሎጉ ባክአፕ እየጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ነበር።

መፍትሔው ከዚያ በኋላ አልከበደም። አሮጌ የባክአፕ ፋይሎችን ወደ ሌላ ማከማቻ አዛወረች፤ የሎጉን ባክአፕ እዚያው ሌላ ማከማቻ ላይ ወሰደች፤ የሎግ ፋይሉን መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ቀነሰች፤ ከዚያም የሎግ ባክአፕ በየ15 ደቂቃው እንዲወሰድ መርሐ ግብር አወጣች። ከቀትር በፊት የሒሳብ ክፍሉ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ብዙ ሰው ጉዳዩን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። እሷ ግን አሮጌዎቹን ፋይሎች ስታዛውር አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አስተዋለች፦ ባክአፖቹ የተቀመጡት ዳታቤዙ ራሱ ባለበት ዲስክ ላይ ነበር፤ ዲስኩ ቢበላሽ ሁለቱም አብረው ይጠፉ ነበር። በማግስቱ ባክአፑን ወስዳ ሌላ ሰርቨር ላይ ሪስቶር ስታደርገው (ከባክአፑ ስትመልሰው) ዳታው በሙሉ ተመለሰ፤ ነገር ግን አንድም ተጠቃሚ መግባት አልቻለም። የተጠቃሚዎቹ መግቢያ የሚቀመጠው «ማስተር» በሚባለው በሰርቨሩ ዋና ዳታቤዝ ውስጥ እንጂ በሒሳቡ ዳታቤዝ ውስጥ ስላልሆነ፣ ከባክአፑ ጋር አልመጣም ነበር። ዳታን መመለስና አገልግሎትን መመለስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ባዶ ሰርቨር ተማረች።

ይህ የትናንሽ ድርጅቶች ችግር ብቻ እንዳይመስል አንድ በይፋ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2017 ጃንዋሪ 31 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ መሐንዲስ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ማውጫ አጥፍቶ፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ ውስጥ 4.5 ጊጋባይት ብቻ ቀርቶ ነበር። ድርጅቱ በርካታ የባክአፕ ዘዴዎች እንዳሉት ያምን ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የባክአፕ መሣሪያው ሥሪት ከዳታቤዙ ሥሪት ጋር ስላልተጣጣመ ሳይሠራ ቀርቷል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም አልደረሱም። አገልግሎቱ የተመለሰው በአጋጣሚ ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ከተወሰደ ቅጂ ሲሆን፣ በመካከል የገባው የዳታቤዝ መረጃ ጠፍቷል። ድርጅቱ ሁሉንም በግልጽ ጽፎ ማውጣቱ ለሙያው ትልቅ ውለታ ነው። ባለሙያዋ ይህን ዘገባ ካነበበች በኋላ በወር አንድ ጊዜ ሪስቶር እያደረገች ቀኑን፣ የፋይሉን መጠን፣ የወሰደውን ጊዜና የገጠማትን እንቅፋት በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ጀመረች።

የተሳሳተው ጥያቄ

ከዚህ ክስተት ከሁለት ወር በኋላ የጻፈችልኝ መልእክት አጭር ነበር፦ ወደ ዳታቤዝ ሙያ መግባት ስለምትፈልግ ከዳታቤዝ ምርቶች ኦራክልን፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርን፣ ፖስትግሬስን ወይስ ሞንጎዲቢን መማር እንዳለባት እንድነግራት። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከምርት መጀመር ከባዱን ምርጫ ትቶ ቀላሉን መምረጥ ነው።

ምክንያቴ ከታሪኩ ይነሳል። ኤድጋር ኮድ በአይቢኤም ሲሠራ በ1970 ያወጣው ጽሑፍ፣ ዳታ በሠንጠረዥ መልክ ሆኖ ተጠቃሚው ስለ ፋይሎቹ አቀማመጥ ሳያስብ ሊጠይቀው የሚችልበትን ሞዴል አስቀመጠ። በ1974 በዚያው ድርጅት ዳታቤዝ የሚጠየቅበት የኤስኪውኤል ቋንቋ መነሻ ተነደፈ፤ በ1986 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆነ። ዛሬ ኦራክልም ሆነ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል የሚቆሙት በዚያ መሠረት ላይ ነው። ስለ ኢንዴክስ (ረድፎችን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ)፣ ስለ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ ለውጦች)፣ ስለ ቁልፎች (ረድፎችን የሚለዩና ሠንጠረዦችን የሚያያይዙ ዓምዶች) እና ስለ ኖርማላይዜሽን (ዳታ እንዳይደጋገም ሠንጠረዦችን መከፋፈል) አንዱ ላይ በጥልቀት የተማረ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር እንደ አዲስ አይጀምርም። ከአንዱ የሥራ ዘርፍ ወደ ሌላው መሻገር ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል፤ የሚቀየረው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ቀኑን የምታሳልፍበት ጉዳይ ነውና። ስለዚህ ጥያቄዋን በሌላ ጥያቄ መለስሁላት፦ ማን እንዲደውልልሽ ትፈልጊያለሽ? የሚደውለውስ መቼ ነው?

ዳታቤዝ በሚለው አንድ ቃል ሥር ቢያንስ አራት የተለያዩ ሥራዎች ይገኛሉ፤ ወደ ትምህርት ቤት ከመመለስ ይልቅ ለስድስት ወራት እዚያው በነበረችበት ሥራ ላይ እያንዳንዱን እንድትቀምሰው ተስማማን። ይህ ሁለገብ ባለሙያ ያለው፣ ሌሎች የሌላቸው ዕድል ነው። ማንም ሳይከለክለው በሁሉም በር መግባት ይችላል።

መጀመሪያ የሞከረችው ከሶፍትዌር ልማት ጋር የሚቀራረበውን፣ ኩዌሪ የማፋጠንና ሠንጠረዥ የመንደፍ ሥራ ነው። የንብረት ክፍሉ በየወሩ መጨረሻ የሚያወጣው አንድ ሪፖርት 40 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር። ባለሙያዋ የአፈጻጸም ዕቅዱን (ሰርቨሩ ኩዌሪውን የሚሠራበትን ቅደም ተከተል) ከፍታ ስታየው ሰርቨሩ ሠንጠረዡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደሚያነብ ተረዳች፤ በቀን ዓምዱ ላይ ግን ኢንዴክስ ነበረ። ችግሩ ያለው አጠያየቁ ላይ ሆኖ ተገኘ፦ ኩዌሪው የቀኑን ዓምድ ዓመትና ወር በሚያወጣ ፋንክሽን ውስጥ ከትቶ ስለሚያወዳድር፣ ሰርቨሩ በቀን ቅደም ተከተል የተደረደረውን ኢንዴክስ ተጠቅሞ በቀጥታ ወደሚፈለገው ወር መዝለል አልቻለም። የእያንዳንዱን ረድፍ ቀን አውጥቶ ማስላት ነበረበት። የኩዌሪውን ማጣሪያ «ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ፣ ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን በፊት» በሚል የቀን ክልል ስትተካው ሪፖርቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወጣ። የጻፈችው ለውጥ ሁለት መስመር ነው። ያን ቀን ማታ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ሌላ ነበር።

ሁለተኛው የትንተናና የሪፖርት ሥራ ነበር። ለአስተዳደሩ የወር አፈጻጸም የሚያሳይ ገበታ ፓወር ቢአይ በተባለው የሪፖርት መሣሪያ አዘጋጀች፤ ቴክኒኩ አላስቸገራትም። ያደከማት «ሽያጭ» ማለት ደረሰኝ የተቆረጠለት ነው ወይስ ዕቃው የወጣለት ነው የሚለው የሳምንታት ክርክር ነው። ለጎበዝ ተንታኝ ሥራው ራሱ ይህ ክርክር ነው፤ ቃላትን ከሥራ ክፍሎች ጋር አስማምቶ ወደ ቁጥር መለወጥ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። እሷ ግን ከእነዚያ ስብሰባዎች ስትወጣ ዝላ ነበር፤ ይህን በግልጽ መናገሯን አከብራለሁ።

ሦስተኛውን፣ የዳታ ምሕንድስናን፣ በአጭሩ ቀምሳ አለፈችው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈችው ስክሪፕት በየሌሊቱ ዳታ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ያስተላልፍ ጀመር፤ ወደደችውም። ሆኖም በዚህ ዘርፍ ለመቀጠር ኮድ በቡድን የመጻፍ፣ የኮድ ለውጦችን በጊት (የለውጥ ታሪክ መያዣ መሣሪያ) የመያዝና ፈተናዎችን አስቀድሞ የማዘጋጀት ልምድ ስለሚጠየቅ፣ ከፊቷ ገና ረጅም መንገድ እንዳለ ሁለታችንም አየን።

አራተኛው የዳታቤዝ አስተዳደር ሥራ ነበር፤ ባክአፕ፣ ሪስቶር፣ የተጠቃሚ ፈቃድ፣ ክትትል፣ ማሻሻያ። ዘጠኙ ዓመት ዋጋ ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ዳታቤዝ ሲዘገይ ምክንያቱ ኩዌሪው ይሁን ዲስኩ፣ ኔትወርኩ ይሁን ለቨርቹዋል ማሽኑ የተመደበው ሜሞሪ ለመለየት እነዚህን ሁሉ በእጁ የነካ ሰው ያስፈልጋል። በቀጥታ ከትምህርት ቤት የመጡ ጎበዝ የኤስኪውኤል ጸሐፊዎች ኩዌሪውን ለቀናት ሲመረምሩ፣ እሷ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥፋቱ የማከማቻው መሆኑን ስታሳይ ተመልክቻለሁ። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚ አካውንት ማስተዳደሪያ) ዕውቀቷም ለፈቃድ አያያዝ እንዳለ አገለገላት። ሁለገብነት ዕውቀትን ያሳንሳል የሚለው አነጋገር ቢያንስ ለዚህ ዘርፍ እውነት አይደለም።

ክላውድ ሥራውን ይወስደዋል ወይ?

ከመወሰኗ በፊት ያስጨነቃት አንድ ጉዳይ ነበር። አማዞን በ2009 አርዲኤስ የተባለውን የክላውድ (በኢንተርኔት በኩል የሚከራይ) የዳታቤዝ አገልግሎት ካቀረበ ጀምሮ የዳታቤዝ ተከላ፣ የማሻሻያ ጭነትና የዕለት ባክአፕ በአገልግሎት ሰጪው በራሱ የሚሠሩ ሆነዋል። ታዲያ የሚጠፋ ሙያ ውስጥ ለምን ይገባል?

ጭንቀቱ መሠረት የለውም አልልም። ሰርቨር መትከልና ማሻሻያ መጫን ብቻ የሚያውቅ አስተዳዳሪ በእርግጥ ሥራው ጠቧል። ነገር ግን የተበላሸ አነዳደፍ ያለው ሠንጠረዥ በክላውድም ላይ ይዘገያል፤ በዚያ ላይ ዘገምተኛው ኩዌሪ ሰፋ ያለ ማሽን ሲያስጠይቅ ወጪው በየወሩ በደረሰኝ ይታያል። ሙሉ ፈቃድ ያለው ፕሮግራም በስህተት አንድ ሠንጠረዥ ቢያጠፋ፣ ጥፋቱ ያለ መዘግየት ዋናውን እየተከተለ ወደሚዘምነው ተጓዳኝ ቅጂ ይተላለፋል፤ ተጓዳኝ ቅጂ ባክአፕ አይደለም። ምን ያህል ደቂቃ የሚሆን ዳታ ቢጠፋ ድርጅቱ ይችለዋል፣ አገልግሎቱስ በስንት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ከሥራ ኃላፊዎች ጋር ተቀምጦ የሚያስወስን ሰው ክላውዱ ይዞ አይመጣም። ይህን ከተነጋገርን በኋላ ምርጫዋ አስተዳደርን ከአፈጻጸም ማሻሻል ጋር አጣምሮ መያዝ ሆነ፤ በሁለት መስመር የተፈታው ሪፖርት ደስታ አልለቀቃትም ነበርና።

የምርቱ ጥያቄ አሁን በቀላሉ ተመለሰ። በእጇ ያለው ኤስኪውኤል ሰርቨር ስለሆነ ጥልቀቱን በእሱ ላይ እንድትፈልግ፣ ፖስትግሬስን ደግሞ ሁለተኛ አድርጋ እንድትይዝ ተስማማን። የኤስኪውኤል ሰርቨር የዴቨሎፐር እትም ለልምምድና ለልማት በነጻ የሚገኝ ሆኖ የትልቁን እትም ባሕርያት ስለያዘ ቤተ ሙከራዋን በእሱ ሠራች። ፖስትግሬስ በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተጀመረ ፕሮጀክት የመጣና ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ስለሆነ ለመሞከር የሚያግድ ነገር አልነበረም። ሁለተኛውን መማር የመጀመሪያውን የበለጠ እንዳስረዳት ነግራኛለች። በኤስኪውኤል ሰርቨር መደበኛ አሠራር አንዱ ሰው ረድፉን እየቀየረ ሳለ ሌላው ሊያነበው ሲል ይጠብቃል። በፖስትግሬስ ግን ለውጥ ሲደረግ አሮጌው ረድፍ ባለበት ቆይቶ አዲስ ቅጂ ስለሚጻፍ አንባቢው አይጠብቅም፤ በምትኩ የሞቱት ቅጂዎች ይከማቹና «ቫኪዩም» በሚባለው ሂደት መጽዳት አለባቸው። እስከዚያ ድረስ የዳታቤዝ ሁሉ ተፈጥሮ የመሰላት መጠባበቅ የአንድ ምርት ምርጫ መሆኑን ያኔ አወቀች።

ስለ ሰርተፍኬት ብዙ አልቆየንም። ማይክሮሶፍት ብዙዎች ዓመታት ያፈሰሱባቸውን ኤምሲኤስኤና ኤምሲኤስኢ የተባሉ ማረጋገጫዎች በ2021 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ዘግቷቸዋል። ዲፒ 300 የተባለውን የአዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ዳታቤዝ አስተዳዳሪ ፈተና ይዘት እንደ መማሪያ ዝርዝር ተጠቀመችበት፤ በመጨረሻም ተፈትና አለፈች። ያስቀጠራት ግን እሱ አይደለም።

ሽግግሩ

የእኔ ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ምርጫዋ እንደለየ ሥራዋን ለቃ በሙሉ ጊዜ እንድትማርና ወዲያውኑ የዳታቤዝ አስተዳዳሪነት ቦታ እንድታመለክት መከርኋት። አልተቀበለችኝም። በምትኩ ለአለቃዋ የሦስት ገጽ ማስታወሻ አቀረበች፦ ሎጉ የሞላበት ቀን ስንት ሰዓት ሥራ እንደቆመ፣ ባክአፑ የት ተቀምጦ እንደነበረና አሁን ያለውን የሪስቶር መዝገብ አያይዛ፣ የዳታቤዙ ኃላፊነት በሥራ መደቧ ዝርዝር ላይ በይፋ እንዲጻፍና የተጠቃሚ ድጋፍ ሥራው ለሁለተኛው ባልደረባ እንዲተላለፍ ጠየቀች። ተፈቀደላት። ለቃ ቢሆን ኖሮ የምትለማመድበት፣ እውነተኛ ተጠቃሚ ያለበት ዳታቤዝ አይኖራትም ነበር። የእኔ ምክር ያጣው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቦታ አመለከተች። በሁለቱ የተጠየቀችው ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር፦ ያስተዳደርሽው ትልቁ ዳታቤዝ ስንት ነው? 14 ጊጋባይት ስትል ቃለ መጠይቁ ይቀዘቅዝ ነበር። ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ሆኖም ትልቅ መጠን የራሱ ችግር እንዳለው መካድ አይቻልም፤ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ የኢንዴክስ ጥገና በሌላ ቦታ ሌሊቱን ሁሉ ይፈጃል። ለሦስተኛው ስትሄድ ጥያቄው እስኪመጣ አልጠበቀችም። የመጠኑን ማነስ ራሷ አስቀድማ ተናግራ የአሥራ አንድ ወር የሪስቶር መዝገቧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቃለ መጠይቁን ይመሩ የነበሩት ኃላፊ መዝገቡን ገልጠው መግባት ያልቻሉት ተጠቃሚዎች ጉዳይ የተጻፈበት ረድፍ ላይ ሲደርሱ፣ የቀረው ሰዓት በሙሉ በዚያ ላይ ዋለ። ተቀጠረች።

አዲሱ ሥራ ሁሉ ነገር የተመቻቸ አይደለም። ከሦስት ሳምንት አንዱን ሌሊት ስልክ ይዛ ታድራለች፤ የቤተሰብ ኃላፊነት ላለበት ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ አስቀድሜ አጥብቄ ልነግራት ይገባኝ ነበር። የዳታ ምሕንድስናውንም በር ጨርሳ አልዘጋችውም፤ ፓይተኑን ቀጥላለች።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችው ሪስቶር የምትሞክርበት ባዶ ሰርቨር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተሰጣት። የመጀመሪያው ሙከራ 33111 በሚል የስህተት ቁጥር ቆመ፤ ዳታቤዙ የተመሰጠረ ስለነበር ባክአፑ ያለ ምስጠራ ሰርተፍኬቱ (ምስጠራውን ለመፍታት የሚያስፈልግ ዲጂታል ፋይል) አይከፈትም፤ ሰርተፍኬቱና ቁልፉ ደግሞ በዋናው ሰርቨር ላይ ብቻ ነበሩ። ዋናው ሰርቨር ጠፍቶ ቢሆን ያሉት ባክአፖች በሙሉ አይከፈቱም ነበር። በዚያው ዕለት ሁለቱም ተገልብጠው ከሰርቨሩ ውጭ በሁለት ቦታ ተቀመጡ፤ ሪስቶሩም ማታ ላይ ተሳካ። አዲሱ መዝገብ የተከፈተው በዚህ ረድፍ ነው።